ማኅተምና ወሰን፦ የጠበቃ ፈቃድ በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቴፒም እስከ ማሻ የተዘረጋው የቡና አገር፣ ሰዉም ዛፉም ከቦታው ሳይነቃነቅ የአስተዳደር ወሰኑ ደጋግሞ የተለዋወጠበት አገር ነው። የማሻ ባለጉዳይ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አቤቱታውን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጎሬና ወደ መቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሐዋሳ፣ በመጨረሻም ወደ ቦንጋ ፊቱን እንዲያዞር ሆኗል። የሚዛን ተፈሪውም ቀድሞ ዓይኑን ከጅማ ላይ የማይነቅል የነበረውን ያህል፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሐዋሳን ሲመለከት ኖሯል። ስለነዚህ ለውጦች ፖለቲካዊ ምክንያት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። እዚህ የሚነሣው ጉዳይ ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ነው፤ ይኸውም ፈቃድ አውጥቶ ምክሩን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው፣ በተለይም የሕግ አማካሪውና ጠበቃው፣ ወሰኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምን ይሆናል የሚለው ነው። ጉዳዩ ለጊዜው የጠበቆች ብቻ ይምሰል እንጂ፣ ሐኪሙም፣ የሥነ ልቦና አማካሪውም፣ አማካሪ መሐንዲሱም የሚጋሩት ነው።

ወሰን ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቀድሞው የካፋ መንግሥት ዙሪያውን በጥልቅ ጉድባና ዘብ በማይለያቸው በሮች የታጠረ ነበር። ነጋዴ የሚገባው በበሩ በኩል ነበር፤ ፈቃድ የሌለውም ከበሩ ላይ ይመለሳል። ንጉሡ ታቶ ይባላል፤ የሚመክሩትም ሚክሬቾ የተባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩ። ስለ ጉድባው አሠራር የምሕንድስና ባለሙያ ሊያደንቅ የሚችለው ብዙ ነገር ቢኖርም፣ ከሁሉም በላይ አንድ መልካም ጠባይ ነበረው ሊባል ይችላል፤ ጉድባው ይታያል። በኋላ በወረቀት ላይ የተሰመሩት ወሰኖች ግን መንገደኛው ሳያውቃቸው የሚሻገራቸው፣ ባለሙያው ግን ሲደርስባቸው የሚቆምባቸው ሆነዋል። በ1889ና በ1890 ዓ.ም. መገናኛ ላይ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው መንግሥታቸው ሲያበቃ፣ ጉድባውም ተግባሩ አብሮ አበቃ።

በዚያን ዘመን በመላው ግዛት ጠበቃ ለመሆን የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይሆን አንደበት ነበር። በላ ልበልሃ እየተባለ ይካሄድ በነበረው ሙግት ነገር አዋቂው ሰው ከዳኛው ፊት ቆሞ፣ ዘንጉን እየነቀነቀ፣ ምሳሌና ተረት እየጠቀሰ የወዳጁን ጉዳይ ያስረዳል። ባለጸጋውና ሹሙ ደግሞ ነገረ ፈጅ ነበራቸው። ተሟጋቾች መንገድ ላይ ቢገናኙ አላፊ አግዳሚውን ሽማግሌ በሕግ አምላክ ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር መያዣ አልባ ነበር ማለት አይደለም። ሙግት የሚጀመረው ዋስ በመጥራት ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በማያውቁት አገር ሊደመጥ የሚችለው የሚያውቀው ሰው ዋስ ሲሆነው ነው። ዋሱም የተዋሰለትን ሰው ጥፋት ይሸከማል። ይህ የዋስ ነገር ከዚህ በታች እንደገና ያስፈልጋል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ተሰጠ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቆመ። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ የመጣው ግን ከሕግ መጻሕፍቱ ጋር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫው፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ሕግ ተከታትለው ወጡ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ በአንደበት ይረታ የነበረው ሙግት በቁጥር የሚጠቀስ ሙግት ሆነ። የገበሬው ሽማግሌ የቱንም ያህል ነገር አዋቂ ቢሆን ሁለት ሺህ ሊበልጥ ጥቂት የሚቀረውን… አይደለም፣ ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጽ ያለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃሉ ሊይዝ አይችልም። የሕግ ትምህርት ቤትም በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ጥብቅና በዚህ ዘመን በፈቃድ የሚሠራ ሙያ ሆነ፤ ፈቃዱም የሚመነጨው ከማዕከሉ መንግሥት ነበር።

በዚህ ሥርዓት የሚዛን ተፈሪ ሰው ችግሩ የፈቃድ ወሰን ሳይሆን የመንገድ ርቀት ነበር። ጉዳዩ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ ይግባኝ ይባልበታል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነገር ግን ጠበቃው አንድ ፈቃድ ይዞ ይህን መንገድ ሁሉ ከባለጉዳዩ ጋር ሊጓዝ ይችል ነበር። ካፋ ጠቅላይ ግዛትና ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሁለት አገረ ገዢዎች ቢኖሯቸውም ሁለት ዓይነት ጠበቃ አልነበራቸውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬትን ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት አውጥቶ ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ሰጠው። የቡናው አገር ዋነኛ ሙግት መሬት እንደመሆኑ፣ ለጠበቃው የቀረለት ሥራ ተመናመነ። በቤበቃና በቴፒ የተቋቋሙት ሰፋፊ የመንግሥት የቡና እርሻዎችም የራሳቸው ነገረ ፈጅ የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ ዘመን ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም፤ ፈቃዱ ሀገራዊ እንደሆነ ቆየ፣ የሚሠራበት ሜዳ ግን ጠበበ።

ጥያቄው በእውነት የተወለደው በፌዴራሉ ሥርዓት ነው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ዐሥራ አራት ክልሎች ሲቋቋሙ ካፋ፣ ሸካና ቤንች ከደቡቡ ወገን ተመደቡ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከሌሎቹ ጋር ተዋሕደው መቀመጫውን ሐዋሳ ያደረገው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ሆኑ። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸው የዳኝነት ሥልጣን እንዲኖራቸው አደረገ። ፍርድ ቤቱ የክልል ከሆነ፣ በፍርድ ቤቱ የሚቆመውን ሰው የሚፈቅደውም ክልሉ ይሆናል ተባለ። በዚህም መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 199/1992 በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ ጠበቆች ፈቃድ መስጠት ሲጀምር፣ ክልሎችም በየራሳቸው ሕግ በየራሳቸው ማኅተም ይፈቅዱ ጀመር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራሉን አሠራር አሻሽሎ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ቢፈቅድና የፌዴራል ጠበቆችን ማኅበር ቢመሠርትም፣ ስሙ እንደሚናገረው የፌዴራል ነው።

የሚያስገርመው ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነገሩን በአንድ መልክ አለመተዉ ነው። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ ውስጥ በመረጠው ሥራ ሊተዳደር መብት እንዳለው ያውጃል። አንቀጽ 52 ክልሎች ለሠራተኞቻቸው የሚያወጡት የትምህርትና የልምድ መመዘኛ ከሀገራዊው መለኪያ ጋር እንዲቀራረብ ያዛል፤ ስለ ግል ባለሙያው ግን ዝም ይላል። አንቀጽ 55 የንግድ፣ የወንጀልና የሠራተኛና አሠሪ ሕጎችን ማውጣት ለፌዴራሉ ምክር ቤት ይሰጣል። አንቀጽ 80 ደግሞ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልሉ ጉዳይ ላይ ካለው ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን እንዲይዝ ያደርጋል። በዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን፣ የፌዴራልም የክልልም ቢሆን፣ እንዲያስገድድ ተደረገ። እንግዲህ ሕጉ በአብዛኛው አንድ፣ ትርጉሙም አንድ፣ አንዳንዴም ያው አንዱ ዳኛ ሁለቱንም ሥልጣን ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ያልተባበረው የጠበቃው ወረቀት ነው።

በእርግጥ የደቡብ ክልል ሰፊ በነበረበት ዘመን ይህ ለብዙዎች እምብዛም አይሰማም ነበር። አንድ የክልል ፈቃድ የያዘ ጠበቃ ሚዛን ላይ ቢሮ ከፍቶ፣ ወላይታ ሶዶ ተከራክሮ፣ ሆሳዕና ደርሶ ሐዋሳ ላይ ይግባኙን ሊያሰማ ይችላል። በወሰኑ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች ስለነበሩም የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር። ከዚያ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሆነው ሆነ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ የራሱን ክልል መረጠ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ክልልነቱ ተረጋገጠ። ሐዋሳም የሲዳማ ከተማ ሆነች። የሚዛን ጠበቃ ፈቃዱን ያወጣበት ቢሮ ሳይንቀሳቀስ በሌላ ክልል ምድር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖችና የኮንታ ልዩ ወረዳ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ተመሠረተ። የቀረውም የደቡብ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሆነ።

ስለዚህ ከሰኔ 2012 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት ሦስት ዓመታት ከጥቂት ወራት ውስጥ፣ በአንድ ማኅተም ይታረስ የነበረው ሜዳ የአራት ማኅተሞች ሜዳ ሆነ። በፈቃዱ ላይ የታተመው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚለው ስምም ከነባለቤቱ ቀረ። በዚህ ምክንያት የማንም ዕውቀት አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ድልድይ ሠሪው ይህን በቶሎ ይረዳዋል፤ ወንዙ በሁለት ክልሎች መካከል የሚፈስ ስለሆነ ብቻ በግራና በቀኝ ያሉት ምሰሶዎች በተለያየ የጭነት ሥሌት አይሠሩም።

አዲሱ ክልል ለባለጉዳዩ ያመጣው ጥቅም መካድ የለበትም። ክልሉ መቀመጫዎቹን ለአራት ከተሞች አካፍሎ፣ የርዕሰ መስተዳድሩን ለቦንጋ፣ የምክር ቤቱን ለተርጫ፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤቱን ለቴፒ ሲሰጥ፣ የዳኝነቱን ማዕከል ለሚዛን አማን ሰጠ። ትናንት ሐዋሳ ድረስ ይግባኝ ለማሰማት ቡናውን ሸጦ የስንቅና የመኝታ ይከፍል የነበረ ገበሬ፣ ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚዛን ላይ ነው። ከዚህ አንፃር ሲታይ ወሰኑ መጥበቡ ፍትሕን አቅርቧል።

ፍትሕን ያራቀበትን ቦታ ለማየት ግን ከሚዛን ተነሥቶ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ፣ ከቴፒም ወደ ምዕራብ መሄድ ያስፈልጋል። ቴፒ ሦስት ክልሎች የሚቀራረቡባት ከተማ ናት። ራሷ በደቡብ ምዕራብ ክልል፣ በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ ውስጥ ናት። በስተ ሰሜን ማሻን አልፎ የሚሄደው መንገድ ጎሬ ሲደርስ ኦሮሚያ ነው። በስተ ምዕራብ ያለችው ሜጢ ደግሞ የጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ነገር ግን ከጋምቤላ ከተማ ይልቅ ለቴፒ ትቀርባለች። የጎደሬ ቡና ወደ መሐል አገር ሲጫን በቴፒ ያልፋል። የሜጢ ሰው ቴፒ ገበያ ይውላል፤ የቴፒ ነጋዴም ጎደሬ ገብቶ ቡና ይሰበስባል። በሁለቱም ወገን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ደኑ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የቴፒ ቡና አቅራቢ ጎደሬ ካለ ሰብሳቢ ጋር ሜጢ ላይ ውል ተዋውሎ ቀብድ ይከፍላል። ቡናው ሳይመጣ ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ እንደሚለው ክስ በመሠረቱ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ፣ በውል ጉዳይም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ነው። እንግዲህ አቅራቢው ወደ ሜጢ መሄዱ ነው። ውሉን ሲያረቅቅ የመከረው፣ የሒሳቡን መዝገብ የሚያውቀው፣ ለዓመታት ምሥጢሩን የያዘለት ጠበቃ ቴፒ ተቀምጧል፤ ፈቃዱ የደቡብ ምዕራብ ነውና ሜጢ ችሎት አይቆምም። በዚያው ሕግ መሠረት ግን የአቅራቢው ወንድም፣ ልጁ ወይም አባቱ፣ የውክልና ሥልጣን እስከተሰጠው ድረስ በምትኩ ቀርቦ ሊከራከር ይችላል። ሕግ ያልተማረው ዘመድ ወሰኑን ይሻገራል፤ ሕግ የተማረው ጠበቃ ከወሰኑ ላይ ይቀራል።

የአቅራቢው ጉዳይ የገንዘብ ነው ይባል ይሆናል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ሜጢ ላይ ሌላ ጠበቃ ይይዛል። ይህ እውነት የሚሆነው ጠበቃ በሚገኝበት ቦታ ነው። የዚህ አገር ችግር የጠበቃ ብዛት በከተማ መከማቸቱ ነው። ነገሩ ተገልብጦ የጎደሬው ገበሬ ከሳሽ ቢሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ ለእርሱ የሚቀርበው አማካሪ ቴፒ ያለው ነውና። ቴፒ ገበያ በወረደ ቁጥር የአማካሪውን ቢሮ በር አልፎ ይሄዳል፤ ሜጢ ላይ ጉዳዩ ሲሰማ ግን ያ ሰው አይረዳውም። በእጁ የሚቀረው ማመልከቻ ጸሐፊው ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ከየፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው ለብዙ ድኻ ባለውለታ መሆናቸው ባይካድም፣ ክሱ ከተጻፈ በኋላ ችሎት ገብቶ የሚናገር ሌላ ነው። ገበሬው ብቻውን ይቆማል።

ለየክልሉ የተለየ ፈቃድ ይኑር የሚሉ ወገኖች የሚያነሡት ምክንያት ቀላል አይደለም። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ ከማሻ ጎሬ የሚሄድ ጠበቃ አፋን ኦሮሞ ካልቻለ ፈቃድ ቢሰጠውም አይጠቅምም። ሁለተኛው የቤተሰብ ሕግና የመሬት አስተዳደር ከክልል ክልል መለያየቱ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው፤ የደንበኛውን ገንዘብ በልቶ ወሰን የተሻገረን ጠበቃ ማን ይቀጣዋል? ሜጢ ላይ የተበደለ ገበሬ ቦንጋ ድረስ ሄዶ አቤት ይበል? ክልሎች በማኅተማቸው የሚጠብቁት ክብርን ብቻ አይደለም፤ ተበዳይን የሚሰማ አካል እንዲኖርም ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ የሌሎች አገሮች ታሪክ ጥቂት ያስተምራል። ናይጄሪያ 36 ክፍላተ ሀገር ያሏት ፌዴሬሽን ስትሆን፣ ጠበቃዋ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መዝገብ አንድ ጊዜ ከገባ በሁሉም ዘንድ ይሠራል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣችው የጠበቆች ሕግ በአንቀጽ 30 በየትኛውም ክፍለ ሀገር የተመዘገበ ጠበቃ በመላ ሀገሪቱ እንዲሠራ ፈቀደች፤ ይሁን እንጂ ያ አንቀጽ ሥራ ላይ እንዲውል የታዘዘው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2011 ነው። ሃምሳ ዓመት ሕጉ ተጽፎ ተቀመጠ ማለት ነው። ለደቡብ ምዕራቡ ይበልጥ የሚቀርበው ምናልባት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ምክር ባለሙያዎች ታሪክ ነው። በዚያ አገር እያንዳንዱ ስቴት ለየብቻው ይፈቅዳል፤ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያዋ፣ ካሊፎርኒያ በ2009 የመጨረሻዋ ሆነው የፈቃድ ሕግ አወጡ። ታማሚው ሥራ ቀይሮ ወንዝ ማዶ ሲገባ፣ ምሥጢሩን የነገረው አማካሪ ሊከተለው ስለማይችል ሕክምናው ይቋረጥ ነበር። መፍትሔው ፈቃዱን ወደ ማዕከል መውሰድ አልሆነም። ስቴቶቹ እርስ በርሳቸው የሚፈርሙት ስምምነት ተዘጋጀ፤ በ2022 ዐሥር ስቴቶች ተቀብለውት ጸና። በስምምነቱ መሠረት ባለሙያው የሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ይሰጣል፣ ሌሎቹ በዚያ ፈቃድ እንዲሠራ መብት ይሰጡታል፣ እርሱም ደንበኛው ላለበት ስቴት ሕግ ይገዛል፤ ቢያጠፋ ያ ስቴት መብቱን ይነፍገዋል፣ ጥፋቱንም ለፈቃድ ሰጪው ያሳውቃል።

ይህ አሠራር ከላይ ከተጠቀሰው ከዋስ ብዙም አይርቅም። ቦንጋ ያለው ፍትሕ ቢሮ ለሚያውቀው ጠበቃ በጋምቤላ ፊት ዋስ ይሆናል፤ ጋምቤላም በተራው ለራሱ ሰው። እንግዳው ዋስ ከጠራ ይደመጣል፤ ካጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። የክልሎቹን ሥልጣን የሚነካ አንዳች ነገር የለበትም፤ ሕገ መንግሥትም ማሻሻል አይጠይቅም። ሁለት ቢሮዎች በአንድ ወረቀት ላይ መፈራረማቸው ይበቃል። ቋንቋው ለሚለያይበት ወሰን ደግሞ የቋንቋ ፈተና ማከል የሚያስቸግር አይደለም።

የሙያ መመዘኛው ራሱ ከወሰን በላይ ከሆነ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርቱን በሚዛን፣ የምሕንድስና ትምህርቱን በቴፒ ግቢው ይሰጣል። የሕግ ተማሪዎች ሌሎቹ የትምህርት ዘርፎች በ2015 ዓ.ም. ከመጀመራቸው ከብዙ ዓመታት በፊት አንስቶ ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲወስዱ ኖረዋል። ከሜጢ የመጣና ከቴፒ የመጣ ሁለት ወጣቶች በሚዛን ግቢ በአንድ ወንበር ተቀምጠው፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣውን አዲሱን የንግድ ሕግ ከአንድ መምህር ተምረው፣ በአንድ ቀን አንድ ፈተና ወስደው ይመረቃሉ። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ሲነሡ ግን አንደኛው ፊቱን ወደ ጋምቤላ፣ ሌላው ወደ ቦንጋ ያዞራል።